የአዳማን ነፋስ የሚችል የመኪና በር፦ ተካፋቹን ወደ ተንሸራታች መቀየር

ከአዳማ አጠገብ ባሉት ኮረብታዎች ላይ 136 የነፋስ ተርባይኖች ቆመዋል። 34ቱ የመጀመሪያው ጣቢያ፣ 102ቱ ደግሞ በ2007 ዓ.ም. የተመረቀው የሁለተኛው ጣቢያ ናቸው፤ በድምሩ 204 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አላቸው። ቦታው የተመረጠው ነፋሱ ስለሚያስተማምን ነው። ያው ነፋስ ወደ ሰፈር ሲወርድ ፊት ለፊት የሚያገኘው ሰፊ ነገር የየቤቱ የመኪና በር ነው። ማጠፊያው የተገነጠለ፣ በድንጋይ ተደግፎ የሚከፈት፣ በሽቦ ታስሮ የሚያድር የግቢ በር በአዳማ ብዙ የሚታየውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ጉልበቱን በቁጥር እንየው። ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር አካባቢ ላይ በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ እያንዳንዱን ካሬ ሜትር በ20 ኪሎ ክብደት ያህል ይገፋል። 4 ሜትር ስፋትና 2 ሜትር ተኩል ቁመት ያለው በር 10 ካሬ ሜትር ነው፤ ስለዚህ ቢያንስ 200 ኪሎ ይጫነዋል። ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀንስ ግፊቱ ወደ ሩብ፣ ማለትም ወደ 50 ኪሎ ይወርዳል። ይህ ግን ቀኑን ሙሉ የሚመላለስ ግፊት ነው። ሁለት ተካፋች በር ላይ እያንዳንዱ ክንፍ ይህን ጉልበት ተሸክሞ በማጠፊያው ዙሪያ ይሽከረከራል። ብየዳው ይሰነጠቃል፣ ምሰሶው ይላላል፤ በሩ ተከፍቶ ሳለ ድንገት ከተወረወረ ደግሞ መኪናውን ወይም ከአጠገቡ ያለውን ልጅ ይመታል። ተንሸራታች በር የሚሄደው በአጥሩ ጎን ነው፤ ነፋሱ የሚገፋው ግን ፊት ለፊት ነው። ስለዚህ ነፋሱ ሊከፍተውም ሆነ ሊወረውረው አይችልም።

ለዚህ ነው በአዳማ፣ በሞጆ፣ በመቂም ሆነ በባቱ ነፋስ የሚበረታበት ቦታ ላይ ያለ ቤት፣ የጎን ቦታ እስካለው ድረስ፣ ተካፋቹን ወደ ተንሸራታች እንዲቀይር የምመክረው። ደስ የሚለው፣ ብረቱ ደህና ከሆነ አዲስ በር መግዛት አያስፈልግም። ሁለቱ አሮጌ ክንፎች ተገጣጥመው አንድ ተንሸራታች በር ይሆናሉ።

ቦታውን መለካት

በመጀመሪያ ሜትር ይዘው በአጥሩ ውስጠኛ ጎን ይቁሙ። በሩ ሲከፈት ሙሉ በሙሉ ከአጥሩ ጀርባ መግባት አለበት። መግቢያው 4 ሜትር ከሆነ በአንድ ጎን ቢያንስ 4 ሜትር ተኩል ባዶ አጥር ያስፈልጋል፤ ግማሽ ሜትሩ በሩ ሲዘጋ ምሰሶዎቹን የሚደርብበት ነው። በዚያ መስመር ላይ የውሃ ቆጣሪ፣ የሽንት ቤት ጉድጓድ ክዳን፣ ዛፍ ወይም የዘበኛ ቤት ካለ አሁኑኑ ይወስኑ፤ ይነሳል ወይስ በሩ ወደ ሌላኛው ጎን ይሄዳል?

ስፋቱንም በድጋሚ ያስቡበት። የቤት መኪና በ3 ሜትር በር ይገባል። ነገር ግን አሸዋ የጫነ አይሱዙ፣ የውሃ ቦቴ፣ ሽንት ቤት የሚመጥ መኪናም አንድ ቀን መግባታቸው አይቀርም። የፊት ለፊት መንገዱ ጠባብ ከሆነ እነዚህ ተጣጥፈው ስለሚገቡ ከ4 ሜትር ያነሰ በር ያስቸግራቸዋል። ሠርግም ሐዘንም በዚያው በር ነው የሚያልፈው፤ የዕድር ድንኳንና አግዳሚ ወንበር ሲመጣ በሩ ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ ከመንገድ መራቁ ትልቅ ጥቅም ነው።

የሰው መግቢያውን ከተንሸራታቹ ውስጥ አያስቆርጡ። በትልቁ በር ላይ የተቆረጠች ትንሽ በር ክፈፉን ታደክማለች፤ ነፋስ ሲመታት ደግሞ ትልቁን ከሐዲዱ ላይ ታንቀጠቅጠዋለች። ቦታ ካለ 90 ሴንቲ ሜትር የምትሆን ለብቻዋ የቆመች በር ከጎን ይሥሩ።

መግቢያውን ለማስፋት አጥር የሚያፈርሱ ወይም ምሰሶ የሚያዛውሩ ከሆነ ወደ ክፍለ ከተማዎ የግንባታ ፈቃድ ክፍል ጎራ ይበሉ። ከ2001 ዓ.ም. የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ጀምሮ ሕንፃን ለማሻሻልም ሆነ አገልግሎቱን ለመለወጥ ፈቃድ ማውጣት ግዴታ ነው። ጋራዡን ዘግተው ወደ መንገድ የሚከፈት ሱቅ ለማድረግ ያሰቡ ሁሉ ይህን ልብ ይበሉ፦ ያ የበር ቅያሪ ብቻ አይደለም፣ የአገልግሎት ለውጥ ነው። ለሱቅ የሚሻለውም ወደ ላይ የሚጠቀለለው ሻተር ነው፤ ተንሸራታች በር ለግቢ እንጂ ለሱቅ አይመችም።

አሮጌውን በር መመርመር

አሮጌው በር ተንሸራታች ለመሆን ይበቃ እንደሆነ የሚታወቀው ከታች ነው። የክፈፉን የታችኛውን ብረት በመዶሻ ቀስ እያሉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይምቱት። ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ጤነኛ ነው፤ የታፈነ ድምፅ ከሰጠ ወይም የዝገት ቅርፊት ካራገፈ ውስጡ ተበልቷል። ክረምት በገባ ቁጥር ጎርፍና ጭቃ የሚደርስበት የታችኛው ብረት ውሃ መውጫ ቀዳዳ ከሌለው ከውስጥ ወደ ውጭ ይዝጋል፤ ቀለሙ ደህና መስሎ ብረቱ ወረቀት ይሆናል። የታችኛው ብረት ብቻ ከተበላ ተቆርጦ ይቀየራል። ላሜራውም ክፈፉም ከተበላ በሩን ለቆራሌ ሰጥተው አዲስ ማሠራት ይሻላል።

አዲስ ብረት ሲገዙ በስሙ አይመኑ፣ ያስመዝኑ። 1 ሜትር በ2 ሜትር የሆነ ባለ 1.5 ሚሊ ላሜራ 23 ኪሎ ተኩል ይመዝናል። 19 ኪሎ አካባቢ ከሆነ የያዙት 1.2 ነው። 6 ሜትር ርዝመት ያለው 60 በ40 አርኤችኤስ (ባለ አራት ማዕዘን ቱቦ ብረት)፣ ውፍረቱ በትክክል 2 ሚሊ ከሆነ፣ ወደ 18 ኪሎ ይጠጋል። ሚዛን ከሌለ ብረት ሠሪው ካሊፐር አያጣም፤ ከመቆረጡ በፊት ፊትዎ ይለካ። በካሬ ተዋውለው ከሆነም የላሜራውና የአርኤችኤሱ ውፍረት፣ የጎማው ዓይነትና የማቆሚያዎቹ ብዛት በውሉ ላይ ይጻፍ። ቀብድ የሚከፈለው ከዚያ በኋላ ነው።

መሠረቱና ሐዲዱ

የተንሸራታች በር ዕድሜ የሚወሰነው እዚህ ነው። አሳዛኙ ነገር ብዙ ሰው ገንዘቡን ጌጥ ላይ ያፈስና ሐዲዱን አፈር ላይ ያስበይዳል።

ሐዲዱ የመግቢያውንና በሩ የሚገባበትን ጎን ያህል ይረዝማል፤ ለ4 ሜትር መግቢያ ወደ 9 ሜትር ማለት ነው። በዚህ ርዝመት ሁሉ 25 ሴንቲ ሜትር ወርድና ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ቦይ ይቆፈራል። የስምጥ ሸለቆ አፈር ብዙ ቦታ ላይ የእሳተ ገሞራ አመድና ቀላል ጠጠር የተቀላቀለበት ነው፤ ደረቅ ሲሆን ጠንካራ ይመስላል፣ ውሃ ሲያገኘው ግን ይሰምጣል። ስለዚህ ጠንካራ አፈር እስኪገኝ ይውረዱ፤ ወለሉን ውሃ አርከፍክፈው በደንብ ይጠቅጥቁት። ባለ 10 ወይም ባለ 12 ፌሮ በርዝመቱ ይዘርጉና አንድ ሲሚንቶ፣ ሁለት አሸዋ፣ ሦስት ጠጠር የሆነ ኮንክሪት ይሙሉበት።

ከመሙላትዎ በፊት ግን ከፍታውን ይወስኑ። አዳማ በጉብታ በተከበበ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ያለች ከተማ ናት። ክረምት ላይ ከላይ የሚወርደው ጎርፍ ደለል ይዞ መንገዱን ይሞላል። ሐዲዱ ከመንገዱ ጠርዝ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል። ሰፈርዎ ገና ኮብልስቶን ወይም አስፋልት ያልለበሰ ከሆነ መንገዱ ሲሠራ ምን ያህል ከፍ እንደሚል ቀበሌውን ይጠይቁ፤ መንገዱ ከበራቸው በላይ ወጥቶ ግቢያቸው ኩሬ የሆነባቸው ሰዎች ጥቂት አይደሉም። መኪናው የሚወጣበትን ተዳፋት ለመሥራት ብለውም የመንገዱን የውሃ መውረጃ በኮንክሪት አይድፈኑ። በሚነሳ ክዳን ይሸፍኑት። የተደፈነ ቦይ ጎርፉን ወደ ጎረቤት ይመልሰዋል።

ለሐዲዱ 40 በ40 አንግል ብረት ጀርባው ወደ ላይ ተገልብጦ ይቀመጣል። በየ50 ሴንቲ ሜትሩ ቁራጭ ፌሮ እንደ እግር ተበይዶበት ኮንክሪቱ ውስጥ ይሰጥማል። ከጫፍ እስከ ጫፍ ክር ይወጥሩ፤ በውሃ ልክም ይፈትሹት። ሐዲድ ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ በሩ በራሱ መሄድ ይጀምራል፤ ያ ደግሞ አደገኛ ነው። መንገዱ ያዘነበለ ቢሆንም ሐዲዱ ለጥ ማለት አለበት፤ ልዩነቱ በኮንክሪቱ ውፍረት ይካካሳል። የአዳማ ደረቅ ነፋስ የኮንክሪቱን እርጥበት በጥቂት ሰዓት ይመጥጠዋልና እርጥብ ጆንያ አልብሰው ለ7 ቀን ውሃ ያጠጡት። በሩ ከዚያ በፊት አይቀመጥበትም።

ሁለቱን ክንፎች አንድ ማድረግ

አሮጌው በር በሚነሳበት ቀን ሁሉም ነገር ዝግጁ ይሁን፤ ቤቱ ያለ በር እንዳያድር ሥራው በማለዳ ይጀመር። እያንዳንዱን ክንፍ መጀመሪያ ከሥሩ በሞራሌ ወይም በብሎኬት ይደግፉት፤ ከላይ በገመድ ይታሰር። የታችኛው ማጠፊያ ቀድሞ ይቆረጣል፤ የላይኛው ሲቆረጥ ሦስት ወይም አራት ጠንካራ ሰዎች ይያዙት። ነፋሱ በበረታበት ሰዓት ይህን ሥራ አይጀምሩ። 5 ካሬ ሜትር ላሜራ የያዘ ሰው ሸራ የያዘ ማለት ነው።

ክንፎቹ በለጥ ያለ ወለል ላይ ጎን ለጎን ይተኛሉ። በመካከል የሚገናኙት ሁለቱ ቋሚ ብረቶች በየ20 ሴንቲ ሜትሩ ይበየዳሉ። ከዚያ ዋናው ሥራ ይመጣል፦ አንድ ወጥ የሆነ፣ የማይቀጠል 60 በ40 አርኤችኤስ ከታች በሙሉ ርዝመቱ፣ ሌላ ደግሞ ከላይ ይበየዳል። ሁለቱን ክንፎች አንድ አካል የሚያደርጓቸው እነዚህ ሁለት ብረቶች ናቸው፤ የመካከሉ ብየዳ ብቻ አይበቃም። ምሰሶ የሚደርብበት 40 ወይም 50 ሴንቲ ሜትር ትርፍ በሩ በሚሸሽበት ጫፍ ላይ ይጨመራል። በታችኛው አርኤችኤስ ሆድ ላይ በየሜትሩ 8 ሚሊ ቀዳዳ ያስበሱ፤ ውሃው መውጫ ያገኛል።

በዚህ አጋጣሚ ከላይ ያለውን ግማሽ ሜትር ላሜራ አውልቀው በፍርግርግ ብረት ቢተኩት ነፋሱ የሚገፋው ስፋት ከ10 ወደ 8 ካሬ ሜትር አካባቢ ይወርዳል፤ 2 ሜትሩ የቀረው ላሜራ ግቢውን ከዓይን ይጋርዳል። እኔ ለአዳማ ቤት ይህን ሳላደርግ አላልፍም።

የብየዳ ማሽኑ ከዋናው መስመር በባዶ ሽቦ ተንጠላጥሎ እንዲሠራ አይፍቀዱ፤ በቆጣሪዎና በብሬከር በኩል ይምጣ። መኪናውን፣ ቤንዚኑንና የጋዝ ሲሊንደሩን ከፍንጣሪው ያርቁ።

ጎማው

የዚህ ስፋት በር ክብደት 200 ኪሎ ይሆናል፤ ላሜራው ብቻ 118 ኪሎ ነው። ሐዲዱ ሁሌም ፍጹም አይሆንምና አንዳንድ ጊዜ ክብደቱ በአንድ ጎማ ላይ ያርፋል። ስለዚህ እያንዳንዱ ጎማ ብቻውን 200 ኪሎ መቻል አለበት። ከ80 እስከ 100 ሚሊ ዲያሜትር ያለው፣ አንግሉ የሚገባበት ጉድጓድ የተቆረጠለት የብረት ጎማ ይምረጡ። ኩሽኔታው ሁለት ጎኑ የተሸፈነ ይሁን። ክፍት ኩሽኔታ የአዳማን አቧራ ስለሚበላ ብዙ ሳይቆይ መጮህ ይጀምራል። ጎማዎቹ ከበሩ ጫፎች 25 ሴንቲ ሜትር ያህል ገባ ብለው በቡሎን ይታሰሩ እንጂ አይበየዱ፤ ሲበላሹ መቀየር አለባቸው።

በበሩና በሐዲዱ ኮንክሪት መካከል 3 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ይተዉ። ደለል ሲገባ ለመጥረግ ይጠቅማል።

ማቆሚያው፦ ሰው የሚያድነው ብረት

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ክፍል ብቻ የሚያነቡ ቢሆን ይህን እንዲያነቡ እፈልጋለሁ። ተንሸራታች በር ብዙ ጊዜ ሰው የሚገድለው አንድ ቁራጭ ብረት ስለጎደለው ነው። በሩ ሲከፈት ወይም ሲዘጋ ከላይ ከያዘው መሪ ያልፋል፤ ያን ጊዜ ምንም የሚደግፈው የለም፣ 200 ኪሎ ብረት በገፋው ሰው ላይ ይወድቃል። በር የሚገፋው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ልጅ ወይም የቤት ሠራተኛ ነው። መኪናው ሲመጣ ሮጦ የሚከፍተው ሕፃን ኃይሉን ሁሉ ሰጥቶ ይገፋል፤ በሩ የት እንደሚቆም የሚያውቅለት ማቆሚያው ብቻ ነው።

ስለዚህ አራት ማቆሚያ ይሠራል። ሁለቱ በሐዲዱ ሁለት ጫፎች ላይ ኮንክሪት ውስጥ የገቡ፣ ከጎማው መካከል ከፍ የሚሉ ወፍራም ብረቶች ናቸው። ሁለቱ ደግሞ በበሩ የላይኛው ብረት ሁለት ጫፎች ላይ የሚበየዱ፣ መሪው ጋ ሲደርሱ አላልፍም የሚሉ ቁራጮች ናቸው። የታችኛው ቢሰበር የላይኛው ይይዛል። ትንሽ ጎማ ጀርባው ላይ ቢለጠፍ ድምፁም ግጭቱም ይቀንሳል። ማቆሚያ ‘በኋላ እንበይደዋለን’ ተብሎ አይታለፍም፤ በሩ ሐዲድ ላይ ከመውጣቱ በፊት ይበየዳል።

የላይኛው መሪ በሩን ግራና ቀኝ የሚይዙ የናይለን ጎማዎች ናቸው፤ የሚታሰሩትም ምሰሶው ላይ ነው። ብዙ ቦታ አንድ ጥንድ ብቻ ያደርጋሉ። ለአዳማ ነፋስ ሁለት ጥንድ፣ በበሩ ትርፍ ርዝመት ውስጥ ተራርቀው፣ ያስፈልጋሉ። ከነፋሱ 200 ኪሎ ግፊት ግማሹ ከላይ ነው የሚያርፈውና ምሰሶው ኮንክሪት መሆን አለበት፤ በብሎኬት ብቻ የቆመ ምሰሶ ከነመሪው ይነቀላል። በሩ ሲዘጋ በሚደርስበት ምሰሶ ላይ ደግሞ የበሩን ጫፍ የሚውጥ የዩ ቅርጽ ያለው ብረት ከላይም ከታችም ይበየድ። ይህ ከሌለ ማዕበል ሲመጣ የበሩ ጫፍ ይወዛወዛል፤ ጎማውም ቀስ በቀስ አንግሉን ይወጣና ከሐዲዱ ይስታል።

ሥራው ሲያበቃ ብረት ሠሪው ፊትዎ በሩን በኃይል ገፍቶ ሁለቱንም ጫፎች ያስመታው፤ ሌላ ሰው ከበሩ ፊትም ሆነ ኋላ አይቁም። ቀሪው ክፍያ የሚከፈለው ይህን ካዩ በኋላ ነው።

ቀለም፣ መቆለፊያና ሞተር

ዝገቱ በብረት ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት ይነሳ፤ አንቲረስት ሁለት ጊዜ፣ ከዚያ ዘይት ቀለም ይቀባ። ነፋስ ባለበት ሰዓት የተቀባ ቀለም አቧራ ይዞ ይደርቃልና ጸጥ ያለ ማለዳ ይጠብቁ። ፈዘዝ ያለ ቀለም በመተሐራና በአዳማ ፀሐይ እጅ የማያቃጥል በር ይሰጥዎታል።

የተንሸራታች መቆለፊያ መንጠቆ ያለው ሊሆን ይገባል፤ ተራው ቀጥ ብሎ የሚገባ ቁልፍ በሩ ወደ ጎን ሲሳብ ይወጣል። መያዣው ሁለት ይሁን፣ ሁለቱም ጣት ከምሰሶው ጋር የማይጣበቅበት ቦታ ላይ።

የጎን ቦታ ከሌለዎት ያለው መፍትሔ አሮጌውን ተካፋች ማጠንከር ነው። በየክንፉ ሦስት ማጠፊያ፣ መሬት ውስጥ የሚገባ ወፍራም መወርወሪያ፣ ሲከፈትም ክንፉን ከአጥሩ ጋር የሚይዝ መንጠቆ ያድርጉለት፤ የላይኛውን ግማሽ ሜትርም ፍርግርግ ያድርጉት።

የተንሸራታቹን ሐዲድ በየሳምንቱ በመጥረጊያ ያጽዱት፤ ግሪስ ወይም ዘይት አይቀቡት። ዘይት አቧራውን ይይዛል፣ የመጀመሪያው ዝናብ ሲጨመርበትም አንግሉ ጎን ላይ እንደ ሲሚንቶ ይጋገራል፤ ጎማው ያን ሲወጣ ነው የሚዘለው። ቅባት የሚያስፈልገው ለጎማው ዘንግና ለመቆለፊያው ነው። በየዓመቱ ሰኔ ከመግባቱ በፊት የማቆሚያዎቹን ብየዳና የመሪዎቹን ቡሎን ይፈትሹ።

ሞተር ለወደፊት ካሰቡ ኮንክሪቱ ሲሞላ የኤሌክትሪክ ቱቦውን አብረው ያስቀብሩ፤ ኋላ ላይ መስበር አይኖርም። ሲገጠምም ሰው ወይም መኪና መካከል ሲገባ የሚያቆመው የጨረር መቆጣጠሪያ ይኑረው። መብራት ሲጠፋ በሩን በእጅ ለመክፈት የሚያስችለው የሞተሩ መልቀቂያ ቁልፍ ከግቢው ውስጥ ሁሉም በሚያውቀው ቦታ ይሰቀል፤ አጠቃቀሙንም ለቤቱ ሰው ሁሉ፣ ለዘበኛውም ጭምር፣ መብራት ባለበት ቀን ያሳዩ።